የይማም ባለ ሁለት ቃታ

ከትዳር ዘመኔ አብዛኛውን የተኛሁት በጣሊያን መሣሪያ ላይ ነው። ከላይ የጠፍር አልጋ፣ ከአልጋው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር የማሽላ ጉድጓድ፣ ከማሽላው ሥር እሷ። ባሌ ይማም ሁለተኛ ሚስት አላገባብኝም፤ ቢሆንም ጣውንት አልነበረኝም ብዬ አልምልም። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው። እናንተም ስታነቡኝ ቀስ በሉ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ጣሊያን ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የምንኖረው ከከሚሴ ወረድ ብሎ፣ ጨፋ ሜዳ ዳር ነበር። ይማም ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሁለት ሴት ልጆች፣ ጥቂት ከብትና አንድ የማሽላ ማሳ ይዤ ቀርቻለሁ። ማሳውን የሚያርስልኝ የይማም ታናሽ ወንድም እንድሪስ ነው። የራሱ ሚስትና ልጅ እያለው የእኔን ሳይጨርስ ወደ ራሱ ማሳ አይሄድም። አንድ ክፉ አመል ግን ነበረው፤ ሰርግ ቤት ከገባ አፉን መያዝ አይችልም።

መሣሪያዋን በአካባቢያችን የማያውቃት ሰው አልነበረም። አጭር መትረየስ ናት። ሰደፏ እንጨት ነው፤ አፈሙዟን ያለበሱበት ብረት እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ ቃታዋ ነበር። ሌላው ጠመንጃ አንድ ቃታ ሲኖረው እሷ ሁለት አላት። የፊተኛው ሲሳብ አንድ አንድ ትተኩሳለች፤ የኋለኛው ሲሳብ ታንጣጣዋለች። ይማም፣ “የፊቱ ለጠላቴ፣ የኋላው ለጠላቴ ዘመድ” እያለ ሰውን ያስቅ ነበር።

እንዴት እንዳገኛት የሚተርከው ራሱ አልነበረም፤ ጓደኛው አያ ሙሔ ነበር። ሰርግ በሆነ ቁጥር፣ ሀዘን በሆነ ቁጥር ይተርካል። ጣሊያን ወደ ደሴ ሲሸሽ ይማም በቦርከና ድልድይ ላይ ከአንድ የጣሊያን ፖሊስ ጋር ተናነቀ፤ መሣሪያዋን ነጠቀው፤ እዚያው አዙሮ የኋላውን ቃታ ሳበ። “ድልድዩ ጨሰ! በዓይኔ ያየሁ ነኝ!” ይላል አያ ሙሔ። ይማም መሬት መሬት እያየ ዝም ይላል። ሰው ዝምታውን ትሕትና ብሎ ወሰደለት።

ይማም ሊሞት ሲል ነው እውነቱን የነገረኝ። ጣሊያኖቹ እጅ ከመስጠታቸው በፊት ጥይቱን ገፍቶ የሚመታውን የውስጥ ብረት ከየመሣሪያው እያወጡ ወንዝ ውስጥ ጣሉት፤ የቀረውን ደግሞ የጨፋ ረግረግ ላይ በተኑት። ይማም ያገኛት በማግሥቱ ደንገል ሲያጭድ ነው። የጎደለውን ብረት ጭቃ ለጭቃ ሲፈልግ ከርሞ አጣው።

“ሆዷ ባዶ ነው፣ ሉባባ” አለኝ። “እንደ ቅል ናት። አንድ ቀን ተኩሳ አታውቅም።”

“አያ ሙሔስ? በዓይኔ አየሁ ይል የለም እንዴ?”

“እሱ ወሬ ሲያምርለት ነው። አንቺ ግን ለማንም እንዳትተነፍሺ። የጨፋን ሳር የሚመኝ ብዙ ነው። ሳራችንንም ከብታችንንም ያቆየችልን ይቺ ባዶ ብረት ናት። እኔ ስሞት ስሜም የሚቆመው በእሷ ነው።”

ማልኩለት። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ በአልጋዬ ላይ ስገላበጥ ሁለት ነገር ሥሬ ነበር፤ መሣሪያዋና መሐላው። ከሁለቱ የሚጎረብጠኝ መሐላው ነበር።

ጉድጓዱን ለመጨረሻ ጊዜ የዘጋው ይማም ነው፤ ከመሞቱ በፊት በነበረው መኸር። እኛ ዘንድ የማሽላ ጉድጓድ አፉ በእንጨትና በገለባ ይከደንና በጭቃና በእበት ይመረጋል። ይማም ደግሞ መርጎ ሲጨርስ “ቢስሚላህ” ብሎ ቀኝ መዳፉን እርጥቡ ጭቃ ላይ ያሳርፍ ነበር። በወጣትነቱ በሬ ሲያስር ገመድ የቀለበት ጣቱን ከሥሩ ቆርጦበታል። ስለዚህ የእሱ መዳፍ ከማንም ሰው መዳፍ ጋር አይምታታም። እህሉ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስለሆነ አልከፈትኩትም። እውነቱን ለመናገር መዳፉንም ማፍረስ አልቻልኩም።

በዚያው ዓመት ማሽላው ሊደርስ ሲል አንድ የከብት ነጋዴ ወደ ሰንበቴ ገበያ ሲወርድ መንገድ ላይ ተገድሎ ተገኘ። ተኩሱን የሰሙ ሰዎች አንድ ላይ የተንጣጣ ነበር አሉ። ሬሳው አጠገብ አጫጭር ቀለሃ ተለቀመ። የነጋዴው ዘመዶች ደም ፈላጊ ሆነው መጡ። መንግሥትም አፈርሳታ አስጠራ።

አፈርሳታን ለማታውቁ ልጆች ልንገራችሁ። ወንጀለኛው ሲጠፋ ጎጆ የሚቆጠርበት ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል። የተመረጡ ሽማግሌዎች ለብቻቸው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሰው እየቀረበ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራል። ማን እንደተናገረ አይገለጥም፤ ‘ወፍ ነገረችኝ’ ነው የሚባለው። ወፍ አንድ ሰው እስክትጠራ ድረስ ቤቱ የሚሄድ የለም። እኔም ባሌ ሞቶ ጎጆው በእኔ ስለሚቆጠር ከወንዶቹ ጋር ገባሁ።

ከከሚሴ የመጣው መቶ አለቃ ቀለሃዎቹን በመዳፉ ይዞ ፊታችን ቆመ።

“ይህ የጠመንጃ አይደለም። ይህን የሚጎርስ መሣሪያ በዚህ አገር ስንት አለ?”

ዓይን ሁሉ ወደ እንድሪስ ሲሄድና ሲመለስ አየሁ። ከጥቂት ሳምንት በፊት አንድ ሰርግ ላይ ተነሥቶ፣ “የወንድሜ ባለ ሁለት ቃታ አልሞተችም! አውጥቼ አንጣጣታለሁ!” ብሎ ፎክሮ ነበር። የት እንዳለች እንኳ አያውቅም። ከይማምና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም።

የመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አለፈ። ሁለተኛውም። ድካሙን እንዴት ልንገራችሁ? ጸሐዩ ከላይ፣ ዝንቡ ከጎን። ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ሆነው ቂጣና ውሃ በእሾሁ መሐል ያቀብሉናል። ከሁሉ የከፋው የማሽላው ነገር ነበር። ግሪሳ የሚወርድበት ወቅት ነው፤ ሰው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ካልጠበቀ ያ ወፍ በአንድ ጠዋት ማሳውን ገለባ አድርጎት ይሄዳል። ጠባቂው ሁሉ እሾህ ውስጥ ተቀምጧል። ከተቀመጥንበት ሆነን ግሪሳው እንደ ደመና ሲነሣና ሲያርፍ እናያለን።

“ያ የኔ ማሳ ነው” ይላል አንዱ።

“ይኸኛው ደግሞ የኔ” ይላል ሌላው። ቁጣ እንኳ የለውም፤ ሰው ከደከመው ቁጣውም ይደክማል።

አያ ሙሔ አጠገቤ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዲሆን ቢመረጥ አመመኝ ብሎ እምቢ ብሏል። መቁጠሪያውን እያንከባለለ አንገቱን ደፍቷል።

“አያ ሙሔ፣ ይህ ነገር መቼ ነው የሚያልቅ?” አልኩት።

“የማሽላው ነገር ሲብስባቸው ነው የሚያልቅ” አለኝ። “ወፍ የምትናገረው ሲርባት ነው፣ ልጄ። ያ ረቢ፣ አንተው ታውቃለህ!”

እንዳለውም ሆነ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሰው ተራ በተራ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ ተመለሰ። ሲመለሱ እኔን ላለማየት ፊታቸውን ያዞራሉ። ያኔ ገባኝ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው፣ “ወፍ እንድሪስን ጠርታለች። ሰባት ቤት በአንድ ቃል” አሉ።

እንድሪስ እንደ ቆመ ቀረ። ከመቶ አለቃው ጋር የመጡት ነጭ ለባሾች ክንዱን ወደ ኋላ ጠፈሩት።

“መሣሪያዋ የት ናት?” አለው መቶ አለቃው።

“አላውቅም ጌታዬ። ወላሂ አላውቅም!”

“አውጥቼ አንጣጣታለሁ ያልከው አንተ አይደለህም?”

“ሰርግ ነው። ሰርግ ላይ ሰው የማይለው አለ?”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፈረና አፉን በጋቢው ሸፈነ። መቶ አለቃው፣ “እስከ አስር ሶላት፣ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ፣ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ደሴ ትሄዳለህ፤ ከዚያም ገመድ ነው” አለው። ከአጥሩ ውጭ የእንድሪስ ሚስት ስትጮህ ሰማሁ።

ውሃ ይዤለት ሄድኩ። ዛፍ ሥር አስቀምጠውታል። ቅሉን አፉ ላይ አደረግኩለት።

“እትዬ” አለኝ በሹክሹክታ፣ “የት እንዳለች ካወቅሽ አትናገሪ። ሌባ ሰርቆ ተኩሶባት ይሆናል። ካንቺ ቤት ከወጣች አንቺንም ያስሩሻል። እነዚያ ሴት ልጆች ማን አላቸው?”

“አንተስ ማን አለህ?” አልኩት።

“እኔ አፌ ነው የገደለኝ። ማሎ፣ ዝም በይ።”

ሞት ፊቱ ቆሞ ‘ማሎ’ እያለ የሚለምነኝ ለእኔ ነው። ቅሉን ይዤ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ዝም ብል ሰው ይሞታል። ብናገር ይማም ዳግመኛ ይሞታል፤ ያውም በሰው ሁሉ ፊት፣ ያውም በገዛ ሚስቱ አፍ። ይህን ያህል ዓመት የቆመ ስሙ፣ ሳሩን ያስከበረ ስሙ፣ ከደንገል ውስጥ የተለቀመ ባዶ ብረት ሆኖ ይቀራል። ከብቱንም ነገ ማን እንደሚነዳው አላህ ይወቅ። አያ ሙሔን አየሁት። እሱም አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መቁጠሪያው መለሰ። ምነው አንድ ቃል በተናገረ ብዬ ተመኘሁ። እሱ እቴ!

የዛፉ ጥላ ሲረዝም ተነሣሁ። መሐሉ ላይ ቆምኩ። ሴት መሐሉ ላይ ስትቆም አይተው ስለማያውቁ ጉምጉምታው በአንድ ጊዜ ቆመ።

“መሣሪያዋ እኔ ቤት ናት” አልኩ። “የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ናት። ነጋዴውን እሷ አልገደለችውም። እሷ ማንንም ገድላ አታውቅም። የውስጥ ብረት የላትም። ይማም ከደንገል ውስጥ ነው ያገኛት። ድልድይ ላይ የተናነቀውም ጣሊያን የለም።”

ስናገር ድምፄ እንዲህ የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር። እንድሪስ፣ “እትዬ!” ብሎ ጮኸ። ሊያድነኝ ሳይሆን የወንድሙ ስም ቆጭቶት ነው።

መቶ አለቃው ቀረበኝ። “አንቺ ሴትዮ፣ የውስጥ ብረቱን ትናንት አውጥተሽ እንዳልደበቅሽው በምን ላምንሽ?”

“መጥታችሁ እዩት። የዘጋው የሞተ ሰው ነው” አልኩት።

መቶ አለቃው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከነጋዴው ዘመዶች ሁለቱ፣ አያ ሙሔና የታሰረው እንድሪስ ተከትለውኝ ቤቴ ገቡ። አልጋውን አነሡ። ድንጋዩን አንከባለሉት። ጭቃው ደርቆ ነጥቷል፤ መሐሉ ላይ የይማም መዳፍ አለ፤ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣት፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ ትንሿ ጣት። አንድ ስንጥቅ እንኳ የለበትም።

“ይህ የማን እጅ ነው?” አለ መቶ አለቃው።

አያ ሙሔ ጎንበስ ብሎ ሳይነካ አየው። “የይማም ነው” አለ። “ይህን እጅ ስንት ጊዜ ጨብጬዋለሁ።” ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ መሰከሩ።

“ይፈረስ።”

ነጭ ለባሹ ዶማ አነሣ። እኔ ከእጁ ቀማሁት። ሌላ ሰው እንዲያፈርሰው አልፈለግኩም። በመጀመሪያው ምት አልተሰበረም፤ ደህና አድርጎ ነበር የመረገው። በሁለተኛው መዳፉ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ወደ ውስጥ ገባ። አለቀስኩ፤ ባሌ የተቀበረ ቀን ያላለቀስኩትን ነው ያለቀስኩት።

የጉድጓድ አየር ሰው ይገድላልና እስኪወጣ ድረስ ደጅ ሆነን ጠበቅን። ኩራዝ በገመድ አውርደን ሳይጠፋ ሲቀር አንድ ሰው ገባ። ማሽላው በቁና ሲወጣ ቤቱ በእህሉ ሽታ ታፈነ። እህሉ አንዴ ከተነካ አይቆይም፤ የክፉ ቀን ስንቄም በዚያው አበቃለት። ከታች በፍየል ቆዳ ተጠቅልላ ወጣች።

መቶ አለቃው ቆዳውን ፈትቶ አገላበጣት። ሰው ለመወንጀል የቸኮለ አይመስልም፤ ፊቱ ላይ የነበረው ድካም ነው።

“የጣሊያን ፖሊስ መሣሪያ ናት” አለ ለራሱ እንደሚያወራ። “ብዙም አልመጣችም። እኛ በረሃ ሳለን አንድ ሰው ይህችን ከያዘ አለቃ ይሆን ነበር።” የኋላውን ቃታ ሳበው። ምንም። የፊቱን ሳበው። ምንም። በጎኗ ባለው ክፍት ጣቱን ሰደደ፤ ጣቱ እስከ ሥሩ ገባ። የወጣው ጭቃ ነው፤ የደረቀ የረግረግ ጭቃ፣ የደንገል ስር ያለበት። ለነጋዴው ዘመዶች አሳያቸው። ከሁለቱ ሸምገል ያለው ሰውዬ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ “ይቺ ልጃችንን አልገደለችም” አለ።

እንድሪስ ተፈታ። ለእኔ የሚሆን ገመድ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ መቶ አለቃው፣ “መሣሪያ ደብቀሽ ቢሆን አስርሽ ነበር። ብረት የደበቀን የሚያስር ሕግ ግን አላውቅም” አለኝና ይዟት ሄደ። ሰፈሩም ወደ ማሳው ሮጠ። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በውል አልታወቀም። እንደ እሷ ያለች፣ ግን ሆዷ ያልጎደለ እህቷ በሽፍቶች እጅ ትዞራለች ሲባል ኋላ ሰምቻለሁ።

ሁሉ ሲሄድ አያ ሙሔ ደጃፌ ላይ ቀረ። ከፈረሰው ጭቃ አውራ ጣቱ ያለበትን ስባሪ አንሥቶ በመዳፉ ይዟል።

“አፉ በይኝ፣ ሉባባ” አለኝ።

“እኔ ነኝ አፉ መባል ያለብኝ። በሰው ፊት ውሸታም አደረግኩህ።”

“ልጄ፣ እኔ እኮ አውቅ ነበር። ደንገሉን አብረን ነው ያጨድነው።”

መቃኑ ሥር ቁጭ አልኩ።

“እኔ ብቻም አይደለሁ። ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ያ ሁሉ ባለ ጎጆ፣ ከእንድሪስና ያኔ ልጅ ከነበሩት በቀር፣ ያውቃል። ሌላ አገር እንዳይሰማ ነው እየተጋገዝን የተረክነው። ከብታችንን ያቆየችልን መሣሪያዋ መሰለችሽ? ወሬዋ ናት።”

“እንድሪስን የጠራችው ወፍስ? እሷም ታውቅ ነበር?”

መቁጠሪያውን ፈለገ፤ በኪሱ አልነበረም።

“ታዲያ ሰው ሲታሰር እያያችሁ!” ብዬ ጮህኩበት። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም።

“የሙት ስም ነው። የባልሽ ነው። ማንሣት ያለብሽ አንቺ ነሽ ብለን ጠበቅንሽ። እስከ አስር ባትነሺ እኔ እነሣ ነበር።”

ይነሣ ነበር? አላውቅም። አሁን በዚህ ዕድሜዬም አላውቅም። አላህ ይማረው፤ ሞቷል፤ ነገር ግን ይቺን አንዲት ቃሉን አምኜለት አላውቅም።

“ይማምስ?” አልኩት። “እንደምታውቁ ያውቅ ነበር?”

“እንዴት አያውቅ! እኔ ድልድዩ ጨሰ ስል ሳቁን ለመያዝ አልነበር እንዴ መሬት የሚያየው?”

እንግዲህ ምስጢሩን ብቻዬን የተሸከምኩ እየመሰለኝ ስንት ሌሊት ስገላበጥ የኖርኩት እኔ፣ ምስጢር መሆኑን ያመንኩት ብቸኛ ሰው ነበርኩ። ይማምም ሊሞት ሲል የነገረኝ እኔ ብቻ ስላላወቅኩ ይሆናል። በዚህ እስቃለሁ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ እናደዳለሁ።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ካላችሁኝ፣ የተለወጠው ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ዝም ያለን ሰው አስተዋይ ነው ብዬ አልቀበልም። ዝምታ የሚያምርበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ያን ዕለት ያ ሁሉ ባለ ጎጆ አፉን ይዞ የተቀመጠው ለይማም ክብር ይሁን ለማሽላው ተቻኩሎ እሱ ራሱም የሚለየው አይመስለኝም። በዓመቱ ከብት ሲነዳ በእኔ ያሳበቡ ነበሩ። ሀተኡ፣ ይሁን ብያለሁ። እንድሪስ ግን ማሳዬን እስኪያረጅ አርሶልኛል፤ ሰርግ ላይም ዳግመኛ አልፎከረም። እናንተም ጎረቤታችሁ ብቻውን ተሸክሞት የሚደክም ነገር ካለና እናንተም የምታውቁት ከሆነ፣ እባካችሁ ሂዱና “አውቃለሁ” በሉት።

አያ ሙሔ ስባሪውን በእጄ አስይዞኝ ሄደ። ማሽላው በቤቱ ሙሉ ተበትኗል፤ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል፤ አልጋው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መልሼ የምዘረጋበት አቅም አልነበረኝም። ቁርበቱን ማሽላው ላይ ጣል አድርጌ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ ጋደም አልኩ። ልጆቼ መጥተው ሞታ ይሆን ብለው እስኪነቀንቁኝ ድረስ፣ ከተዳርኩ ጀምሮ ተኝቼው የማላውቀውን እንቅልፍ ተኛሁ።